ሉቺያ አለኝታ የተባለችበት እሁድ

መልእክቱ የመጣው ሮማ ያለን የሐበሻ ሴቶች በምንጻጻፍበት የስልክ ቡድን ላይ ነው። እዚያ ቡድን ላይ የሚከራይ ክፍል ይገኛል፣ ባዳንቴ፣ ማለትም አዛውንት አስታማሚ፣ የሚፈልግ ቤተሰብ ይገኛል፣ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚያደርስ መንገደኛ ይገኛል፤ ሐሜትም አይጠፋም። ያን ጠዋት ሂሩት አጭር ነገር ጻፈች። «አለኝታ አረፈች። ለቅሶው ቶር ፒኛታራ፣ እቤታችን ነው።»

ወዲያው ስልኬ መንጫጫት ጀመረ። «ነፍስ ይማር፤ አለኝታ ማናት?» አለች አንዷ። «ተርሚኒ ጋ በርበሬ የምትሸጠዋ ናት እንዴ?» አለች ሌላዋ። «ኧረ እሷ አለምነሽ ናት፤ ትናንት አብረን ነበርን፤ ሰው አትግደሉ!» ብላ ሌላዋ ተቆጣች። እኔ የማስታምማቸውን አዛውንት ቁርስ እያበላሁ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጬ፣ ይቅርታ እንኳን ሳልጠይቃቸው፣ ኩሽናቸው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠረግሁና ጻፍኩ። «ሉቺያ ናት። የሂሩት ሉቺያ።»

ቡድኑ ጸጥ አለ። ያ ቡድን እንዲያ ጸጥ ሲል አይቼ አላውቅም። ሉቺያን ሁሉም ያውቃታል፤ ስለ ሉቺያና ስለ ሂሩትም በየጓዳው ያልተወራ የለም። አለኝታ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። እኔ ስሙ ሲወጣላት እዚያው ቁጭ ብዬ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ልናገር።

ሉቺያ ክልስ ናት። አባቷ ጣልያን፣ እናቷ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የኖረች ሴት ናት። ራሷ ያደገችው ካዛንቺስ ነው። ዕድሜዋን ሮማ ብትጨርስም አማርኛዋ የካዛንቺስ እንደሆነ ቀርቷል፤ ስትናደድማ ይብስባታል። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሽበቷን ቀለም የማትቀባ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበረች። ሥራዋ እዚያው ቶር ፒኛታራ በነበረ የሰፈር ሲኒማ ቤት ትኬት መቁረጥና ያረፈደውን ሰው በባትሪ እየመሩ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ ሱፐርማርኬት ሊሆን ሲል ሠራተኞቹ ለማስታወሻ ያህል የሚፈልጉትን እንዲወስዱ ተፈቀደላቸው። ሉቺያ የደንብ ልብሷን ቀይ ኮት፣ ባትሪዋንና በአንድ ብረት የተያያዙ ሁለት ቀይ ወንበሮችን ይዛ ወጣች። ወንበሮቹን ሳሎኗ መሃል ተከለቻቸው። ሶፋም ነበራት፤ እሱ ግን ለእንግዳ ነው ትላለች።

መጀመሪያ ያየኋት ክፍል ልከራይ የሄድኩ ጊዜ ነው። ትሬኒኖው፣ የሰፈሩ ባቡር፣ መንገድ ላይ ቆሞብኝ በጣም አርፍጄ ደረስኩ። የደረጃው መብራት አይሠራም። ግድግዳውን እየዳበስኩ ስወጣ ከላይ ባትሪ በራብኝና «አርፍደሻል፣ ግን ግቢ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ባቡሩ ነው» ስላት «ሲኒማ ቤት ውስጥ አንቱ የለም፤ አንቺ በይኝ» አለች። የገባሁት መኖሪያ ቤት መሆኑን ላስታውሳት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ክፍሉን ካሳየችኝ በኋላ ቁጭ አደረገችኝ። «አሎራ፣ በኋላ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው። እዚህ ቤት ሂሩት የምትባል አለች። ጓደኛዬ አይደለችም፤ ፍቅሬ ናት። አብረን መኖር ከጀመርን ቆየን። ከከበደሽ ንገሪኝ፤ ሌላ ክፍል አብሬሽ እፈልጋለሁ።» አልዋሽም፣ ደነገጥኩ። እኔ ያደግኩት እንዲህ ያለ ነገር በማይነሳበት፣ ቢነሳም አማትበው በሚያልፉት ቤት ነው። ግን ይህችን የመሰለች ቀጥተኛ አከራይ ሮማ ውስጥ ገጥማኝ አታውቅም። ክፍሉም መስኮት ነበረው። ቀረሁ።

ሉቺያ መዋሸት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። «ውሸት አልችልበትም፤ ዝም ማለት ግን እችላለሁ» ትል ነበር። እውነትም ትችልበታለች። አንድ ቀን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልንገዛ ገብተን፣ አንዲት የምታውቀን ሴት ሰው ሁሉ በሚሰማበት ድምፅ «ሉቺያ፣ አንቺ ግን እንዲሁ ሳታገቢ ቀረሽ?» አለቻት። ጥያቄ አልነበረም፤ መውጊያ ነበር። ሉቺያ ሽሮዋን ከረጢት ውስጥ ከተተችና «ማን ነው አላገባችም ያለሽ?» ብላት ወጣች። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ሉቺያ ሚላኖ የሚሠራ ባል እንዳላት ስታወራ ከረመች። ሉቺያ ወሬው ሲደርሳት ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ አላስተባበለችም፣ እውነት ነው አላለችም። ሂሩት ግን አልሳቀችም።

ሂሩት ትፈራ ነበር። ይህን የምለው ላዋርዳት አይደለም፤ የምታጣው ነገር ስለነበራት ነው። ሆስፒታል የምታጸዳ፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ እሁድ ቅዳሴ የማትቀር ሴት ናት። ማኅበር አላት፣ ጽዋ አላት። ጎንደር ደግሞ አንድ እናት አለቻት፤ እማማ ዘነበች። እማማ እግራቸውን ታመው የሚያስታምማቸው ሲጠፋ ሂሩት በፔርሜሶዋ፣ በመኖሪያ ፈቃዷ፣ አስጠርታ ልታመጣቸው ሆነ። የሚመጡበት ሳምንት ሲቃረብ ምግብ አልበላ አላት። «እናቴ ካወቀች ወይ ትሞትብኛለች ወይ ትረግመኛለች» እያለች በቤቱ ትዞራለች። ሉቺያም ትራሷንና ብርድ ልብሷን ይዛ ከመኝታ ቤታቸው ወጣችና ሶፋው ላይ አነጠፈች። እማማ ከልጃቸው ጋር በትልቁ አልጋ ተኙ። «ወገብሽን አያምሽም?» ብዬ ብጠይቃት «ሶፋው ለእንግዳ ነው ብዬሽ የለ?» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው ያለችው።

እማማ ዘነበች ረጅም፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚያዩ ሴት ናቸው። ሶፋው ያሰምጠኛል ብለው ከቀዮቹ ወንበሮች አንዱን ያዙ፤ ከመጡ ጀምሮ የእሳቸው ሆነ። ሂሩት ሥራ ስለምትውል የሚያስታምማቸው ጡረታ የወጣችው ሉቺያ ናት። ሐኪም ቤት ትወስዳቸዋለች፣ ታስተረጉማለች፣ ማታ ማታ እግራቸውን በሞቀ ውሃና በጨው ታጥባለች፣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። እሳቸው ደግሞ ስሟን ጠርተዋት አያውቁም። «አንቺ ልጅ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ።» «አንቺ ልጅ፣ ያ መድኃኒቴ የታል?» ስድሳ ያለፋትን ሴት አንቺ ልጅ! እኔ በሷ ቦታ ሆኜ እናደዳለሁ። እሷ ግን «አቤት እማማ» ብላ ትነሳለች።

አሁን ወደ ፌስቲቫሉ ልምጣ። ሉቺያ ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ በዓመት አንዴ በሰፈሩ አዳራሽ አጫጭር ፊልሞች ታሳይ ነበር። ፊልሞቹን የሠሩት ሌዝቢያን ሴቶች ናቸው፤ የሚያወሩትም ሴት ሴትን ስታፈቅር ስለምትኖረው ኑሮ ነው። ወንበሩ ከየቤቱ ተዋጥቶ፣ ማስታወቂያው በእጅ ተጽፎ የሚደረግ ነገር ነው፤ ስም እንኳን አልነበረውም። ኮቪድ መጥቶ ሁላችንም ቤት ስንዘጋ አዳራሹም ተዘጋ። እኔም የማስታምማትን አሮጊት ልጆቿ ወስደዋት ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ሂሩት «ዘንድሮ ይቅር» አለች። ሉቺያ «ዘንድሮማ ነው ሰው ፊልም የሚፈልገው» ብላ በኢንተርኔት ሊሆን ተወሰነ፤ በየእሁዱ ከሰዓት በኋላ፣ ከሳሎኗ።

ችግሩ ሳሎኑ ነው። ኢንተርኔቱ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው፤ ከጠረጴዛው ጎን ደግሞ እማማ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሂሩት ሉቺያን ኩሽና ውስጥ ይዛት ገብታ «እናቴ ፊት?» አለቻት። ሉቺያ «እማማ ጣልያንኛ አይሰሙም» አለች። «የሚያዩትስ?» «የሚያዩትን ያያሉ። አንቺ የፈለግሽውን በያቸው፤ እኔ ግን አልዋሻቸውም።»

የዚያን ሰሞን ሉቺያን ያላየ ሰው ሉቺያን አላየም። ቀይ ኮቷን ትለብሳለች፣ ባትሪዋን ትይዛለች፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ከቶሪኖ፣ ከናፖሊ፣ ከየመንደሩ የሚገቡትን ሴቶች ስማቸው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አንድ በአንድ እየጠራች ሰላም ትላለች። ፊልም ከተጀመረ በኋላ የምትገባ ካለች ባትሪውን ካሜራው ላይ ታበራባትና በጣልያንኛ ያችኑ ለእኔ ያለችኝን ትላታለች፤ አርፍደሻል፣ ግን ግቢ። ሴቶቹ ወደዱት፤ ሆን ብለው የሚያረፍዱ መጡ። የጣልያን ሲኒማ ቤት ፊልሙን መሃል ላይ አቁሞ ሰው ያሳርፋልና እሷም ወንበር ሳይሞቅ በሚያልቅ ፊልም መሃል «ኢንተርቫሎ!» ትላለች። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ «ማሽኑ ተቃጥሏል፤ ከረሜላ ብሉ» ትላለች። ቤት ተዘግቶባት፣ አንዳንዷም ስለ እሷ ምንም ከማያውቅ ቤተሰብ ጋር ተዘግቶባት የምትታፈን ሴት ሁሉ እሁድን ትጠብቅ ነበር።

እማማም ይጠብቁ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ። «እኒህ ሁለቱ እህትማማች ናቸው?» ይላሉ። ሂሩት ከኩሽና «አዎ እማዬ፣ እህትማማች ናቸው!» ትላለች። ሌላ ፊልም ይጀመራል። «እኒህስ?» «እነሱም እህትማማች ናቸው!» ሦስተኛው ላይ እማማ «አገሩ ሁሉ እህትማማች ነው እንዴ?» አሉ። የሉቺያ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በቀጥታ እሷን ጠየቋት። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ተለያይተው ነው እማማ። ይዋደዱ ነበር።»

«ከተዋደዱ ለምን ይለያያሉ?»

«ሰው ፈርተው» አለች ሉቺያ። እማማ ወደ ስክሪኑ ተመለሱ።

የስሙን ውድድር ያመጣችው ሉቺያ ናት። ፌስቲቫሉ ስም ስለሌለው የምታይ ሁሉ ስም ትላክ፤ ግን ያለ ምክንያት የተላከ ስም አይነበብም፤ መጨረሻው እሁድ ላይ ሁሉም ይመርጣል። ሽልማቱ ቀዮቹ ወንበሮች ናቸው። «ወንበሮቹን?» ብዬ ጮኽኩባት። «ሽልማት እኮ የሚወዱት ነገር ካልሆነ ሽልማት አይሆንም» አለች። ስሞቹ ጎረፉ። ከናፖሊ አንዷ «የአክስቴ ጓደኛ» ይባል አለች፤ አክስቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከአንዲት ሴት ጋር ስትኖር ቤተሰቡ ሌላ መጠሪያ አላገኘላትም ነበርና። አንዷ «ሁለት ትራስ» አለች። ሉቺያ ሁሉንም በክብር ታነባለች። ያን ጊዜ እማማ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ።

«ምንድን ነው የምትጠራው?»

«ስም እየወጣ ነው እማማ፤ ለዝግጅቱ። ያወጣችው ስም ያሸነፈላት ትሸለማለች።»

«ምን ይሸለማል?»

«እርስዎ የተቀመጡበትን ወንበር።»

እማማ የወንበሩን ክንድ ጨበጥ አደረጉ። ከዚያ በኋላ የሚነበበውን ስም ሁሉ ተርጉሚልኝ እያሉ አስቸገሩኝ።

መጨረሻው እሁድ ሊደርስ ሲል መክሊት የምትባል ልጅ ከቦሎኛ ደወለች። እዚያው የምትማር የእኛው ልጅ ናት፤ ፊልሟም በአማርኛ ነው። «እትዬ ሉቺያ» አለች፣ ስልኩ ከፍ ተደርጎ ስለነበር ሁላችንም ሰማን፣ «እናቴ አጠገቤ ሆና ልታየው ቃል ገብታልኛለች። ጣልያንኛ ብዙም አትሰማም። ከፊልሙ በኋላ ስታናግሪኝ በአማርኛ ይሁንልኝ። እናቴ ትልቅ ሰው ይህን ነገር በአማርኛ ሲያወራ ሰምታ አታውቅም።»

ሉቺያ እሺ አለችና ስልኩን ዘጋች። ሂሩት ፊቷ አመድ መስሏል። «በጣልያንኛ አናግሪያት» አለች።

«እናቷ እንድትሰማ ነው እኮ የጠየቀችኝ።»

«የእኔስ እናት? ሉቺያ፣ እናቴ ከሰማች እዚህ ቤት አብረን መኖር አንችልም። ይዣት መውጣቴ ነው።»

ያን ሳምንት ሙሉ ሉቺያ አልሳቀችም። ቅዳሜ ዕለት ቀይ ኮቷን እየተኮሰች ሂሩትን ጠራቻት። «ስለ አንቺ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም። ስለ ራሴ ከጠየቀችኝ ግን አልዋሽም» አለቻት። ሂሩት «ዝም ማለት ትችይ የለ እንዴ?» አለች፤ ልመና ነበር። «ለዚች ልጅ ዝም ካልኳት ውሸት ይሆንብኛል» አለች ሉቺያ። ካውያውን አስቀመጠች፤ መልሳ አነሳችና የተኮሰችውን እጅጌ እንደገና መተኮስ ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ ነው እሷም እንደምትፈራ የገባኝ። ሂሩትን ማጣት ትፈራ ነበር።

እሁድ ሂሩት እናቷን ከሳሎን ለማስነሳት ያላደረገችው የለም። «እማዬ፣ ጓዳ እንሂድ፣ ቅዳሴ በስልክ ልክፈትልሽ።» እማማ «ቅዳሴ ጠዋት ሰምቻለሁ። ይቺ ወንበር ዛሬ ልትሄድ ነው አሉ፤ እስክትሄድ ልቀመጥባት» አሉ። አልተነሱም።

የመክሊት ፊልም አጭር ነው። አንዲት ልጅ የእናቷን ፀጉር ትጎነጉናለች። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠችው። ፊት ለፊት ስላልተያዩ ልጅቷ ድፍረት አግኝታ የምትወዳት ሴት እንዳለች ትናገራለች። እናትየው ብዙ ዝም ትልና «ቀስ በይ፣ ጠበቅ አደረግሽብኝ» ትላለች፤ አለቀ። አማርኛው ከኮምፒውተሩ ሲወጣ እማማ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ሂሩት ኩሽናው በር ላይ የዕቃ ጨርቅ ይዛ ቆማለች። ሉቺያ ኢንተርቫሎ ማለት ረሳች።

ፊልሙ አልቆ መክሊት ስክሪኑ ላይ መጣች፤ ከጎኗ የእናቷ ትከሻ ብቻ ይታያል። ሉቺያ ስለ ሥራው ጠየቀቻት፣ ልጅቷም መለሰች። ሁሉም ነገር በአማርኛ፣ በግልጽ፣ ነገሩ በስሙ እየተጠራ ነው። ከዚያ ልጅቷ «እትዬ ሉቺያ፣ አንቺስ? የምትወጃት ሴት አለች?» አለች።

ሉቺያ ዝም አለች። ዝም ማለት ትችላለች ብያለሁ። ሂሩት ዓይኗን ጨፈነች።

«አለች» አለች ሉቺያ። «ፀጉሬ ጥቁር ከነበረ ጊዜ ጀምሮ አለች። ስሟን ግን አልነግርሽም። ስሟ የሷ ነው፤ እሷ ሳትፈቅድ እኔ አልጠራውም።»

«አንቺ ልጅ» የሚል ድምፅ መጣ። ሉቺያ ወደ ቀዩ ወንበር ዞረች። «የስሙ ውድድር አልተዘጋም አይደል?» አሉ እማማ።

«አልተዘጋም እማማ።»

«እንግዲያው እኔም የማወጣው ስም አለኝ።»

ሂሩት «እማዬ፣ ይሄ እኮ ለዝግጅቱ ነው» ስትል «ዝም በይ፣ አንቺን አልጠየቅኩም» አሏት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ካሜራውን ሳይሆን ሉቺያን እያዩ ተናገሩ። «በእኛ አገር ሙሽራ እቤት ስትገባ ስም የምታወጣላት አማቷ ናት። እኔንም ዘነበች ያሉኝ አማቴ ናቸው፤ እናቴ ያወጣችልኝ ሌላ ነው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ ስልሽ የኖርኩት ንቄሽ አይደለም። ስም ላወጣልሽ ይገባኝ ነበር፤ ግን ልጄ ይቺ ናት ብላ ሳታሳየኝ እንዴት ብዬ ላውጣ? ስትነግረኝ ብዬ ጠበቅሁ። አልነገረችኝም። እኔም አረጀሁ።»

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?» አለች ሂሩት።

«ዓይን የለኝም? ከሥራ ስትመጪ ራትሽን የምታሞቅልሽ ማን ናት? እግሬን የምታጥበው ማን ናት? ደባል እንዲህ ያደርጋል? ይቺ ተከራይ እንኳን» አሉና በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ፣ «የበላችበትን ሰሃን አታጥብም!»

ከመላው ጣልያን ሴቶች እያዩኝ ነው። ቢሆንም ሰዓቱ የእኔ አልነበረምና ዋጥኩት።

«ስምሽ አለኝታ ነው» አሏት ሉቺያን። «ያለ ምክንያት አይሆንም ትያለሽ አይደል? ምክንያቱ ይኸው። እግሬ ሲከዳኝ አለሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ልጄም በሰው አገር ቀጥ ብላ የቆመችው አንቺ ስላለሻት ነው። ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሶፋው ላይ እኔ እተኛለሁ። ሙሽራ ሶፋ ላይ አትተኛም።»

ሉቺያ ተነስታ እማማ እግር ሥር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። እማማም አገጯን ይዘው ቀና አደረጓትና ግንባሯን ሳሟት። ሂሩት የዕቃ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ በሩ ሥር ቁጭ አለች። መክሊት እያለቀሰች ለጣልያኖቹ ታስተረጉማለች፤ ከጎኗ አንድ እጅ መጥቶ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አየሁ። ሴቶቹ ለምርጫው ጊዜ አልፈጁም፤ ሁሉም አለኝታ አሉ። ይህን ስነግራቸው እማማ ተቆጡ። «እኔ ለሲኒማ አላወጣሁም!» ሉቺያ ዓይኗን እየጠረገች «ቢዋሰውስ እማማ?» አለቻቸው። «ይዋሰው። ወንበሬን ግን ከዚህ የሚያነቃንቅ የለም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሂሩት ድንገት ደፋር ሆነች ብል ውሸት ነው። ቤት ውስጥ ሳቋ ተሰማ፣ ሉቺያም ወደ አልጋዋ ተመለሰች፤ ደጅ ግን ያው ጓደኛሞች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ትሄዳለች፣ ሉቺያ ትሸኛትና ከበር ትመለሳለች። ሉቺያ አልወቀሰቻትም። «ጊዜዋን ትውሰድ፤ ፊልሙ አላለቀም» ትለኝ ነበር። ፌስቲቫሉን በየዓመቱ በአለኝታ ስም አዘጋጀች። እኔም ሰሃኔን ማጠብ ጀመርኩ፤ በኋላም ሌላ ሥራ አግኝቼ ወጣሁ። አንድ ክረምት ልቧን ታመመች፣ ብዙም አልቆየች።

ለቅሶው ቀን ሰው የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። መጡ፤ ገሚሱ ለማልቀስ፣ ገሚሱ ለማየት። የደረጃው መብራት ዛሬም አይሠራም። እማማ የሉቺያን ባትሪ ሰጡኝና «ለሰዉ አብሪላቸው» ብለው ከበሩ አቆሙኝ። እሳቸው ቀዩ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ አጠገባቸው ባለው ላይ ቀዩ ኮት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሂሩት ፍራሽ ላይ ናት። የሚገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ፣ ጓደኛ ማጣት ከባድ ነው» ይላታል። አሜን ትላለች። ጓደኛሽ፣ ጓደኛሽ በተባለች ቁጥር እያነሰች፣ ፍራሹ ውስጥ እየሰመጠች ስትሄድ ከበሩ ሆኜ አያለሁ። የገዛ ሐዘኗን ከእጇ እየወሰዱባት ነበር።

ያች የሽሮው ሱቅ ሴትም መጥታ ነበር። እማማ አጠገብ ተቀመጠችና «እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ። ለመሆኑ ሟቿ ምንዎ ናት?» አለቻቸው። ሂሩት ቀና አለች።

«ምራቴ ናት» አሉ እማማ። «ያገባችው ይቺን ልጄን ነው። ጓደኛ ጓደኛ እያላችሁ ልጄን አታድክሙብኝ። ትዳሯን ነው የቀበረች።»

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ በአጠገቤ አልፈው ወረዱ። አበራሁላቸው፤ ምን ላድርግ። ያች የሱቁ ሴትም ተነሳች፤ እሷም ልትወጣ ነው ብዬ ነበር። ሄዳ ሂሩት ፊት ተንበረከከችና አቅፋት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሂሩት ያን ጊዜ ገና ጮኸች። «አለኝታዬ!» ብላ፣ እንዳይሰሙ ሳትሳቀቅ፣ ሕንፃው እስኪሰማ ጮኸች።

ደረጃው ላይ ደግሞ አንዲት የሂሩት ማኅበር ሴት ከሚወጡት ጋር ተላልፋ ደረሰች። የሆነውን ነግረዋታል መሰለኝ ከደፉ ላይ ቆመች፤ ወደፊትም ወደኋላም አትልም። ባትሪውን እግሯ ሥር አበራሁላት። ከውስጥ እማማ አዩዋት።

«አርፍደሻል» አሏት፣ «ግን ግቢ።»